ሰልፍ፣ ትርኢት ወይስ አጀብ? የሊሞንን የነሐሴ በዓል ስለ ማየት

ለእንግሊዝኛው «ፓሬድ» አማርኛ አንድ ወጥ ቃል የለውም። «ሰልፍ» እንዳንል፣ ሰልፍ በጥንቱ አነጋገር የጦር አሰላለፍ ነው፤ በዛሬው አነጋገር ደግሞ አንድም የዳቦ ወረፋ፣ አንድም አደባባይ ወጥቶ አቤቱታ ማሰማት ነው። «ትርኢት» እንዳንል፣ ትርኢት ሰውን ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ያያል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። «አጀብ» የሚል ሦስተኛ ቃል አለን። በአጀብ ውስጥ ዳር ቆሞ የሚያይ የለም፤ ያለው ሁሉ ተከታይ ነው። ነገር ግን አጀብ በመካከሉ የሚታጀብ ነገር ይሻል፤ ታቦት፣ ሙሽራ ወይም ሹም።

ይህ የተርጓሚ ጭንቀት የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምሁ ነበር። ይሁንና በኮስታሪካ የካሪቢያን ጠረፍ፣ በሊሞን ከተማ፣ በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 25፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 31 የሚደረገውን የጥቁር ሕዝብ የባህል ሰልፍ ስመዝነው፣ የበዓሉ ዕጣ ፈንታ ከእነዚህ ከሦስቱ ቃላት በአንዱ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። የሊሞን ሰዎች ሰልፉን የሚጠሩት በስፓኒሽ ተናጋሪ አገር ውስጥ ሆነው በእንግሊዝኛ ነው። በስሙ መካከል ያለው ቃል የበዓል ልብስንና ማዕረግን የሚያመለክት ነው፤ ድምፁን እንዳለ ወደ ፊደላችን ማምጣት ግን በእኛ ታሪክ አንድን ወገን ሲያዋርድ የኖረ ስድብን ስለሚቀሰቅስ፣ «ታላቁ የክብር ሰልፍ» ብዬ መተርጎምን መርጫለሁ። በዓሉ ራሱም ከስም ጋር ታግሏል። የኮስታሪካ መንግሥት በ1980 ቀኑን በትምህርት ቤቶች እንዲከበር ሲያውጅ የሰጠው ስም ቃል በቃል «የጥቁር ቀን» ማለት ነበር። ከዚህ ላይ «የ» የምትለዋን አንዲት ፊደል ብንጥል በአማርኛ የመከራ ዕለት ይሆናል፤ በስፓኒሽም እንዲሁ ነው። በ2011 በወጣ ሕግ ስሙ ተለውጦ «የጥቁር ሰውና የአፍሮኮስታሪካዊ ባህል ቀን» ተባለ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። «ጥቁር» ይባል የነበረው «ጥቁር ሰው» ሆነ፤ ቀለሙ ቅጽል ሆኖ ሰውየው ስም ሆነ። ሰዋስው አንዳንድ ጊዜ ከፖለቲካ ይቀድማል።

ሊሞን እንዴት የጥቁር ሕዝብ ከተማ እንደ ሆነች ሳያውቁ ሰልፉን ማየት መጽሐፍን ከመካከሉ ገልጦ እንደ ማንበብ ነው። ኮስታሪካ ከደጋው ሸለቆዋ የምታመርተውን ቡና ወደ አትላንቲክ የምታወርድበት መንገድ አልነበራትም። በ1871 የባቡር ሐዲድ ውል ተፈረመ፤ ሥራውም በማይነር ኪዝ በተባለው አሜሪካዊ እጅ ወደቀ። በ1872 መጨረሻ ከጃማይካ የመጡ ሠራተኞች ሊሞን ላይ ከመርከብ ወረዱ፤ ከዚያ በኋላም ብዙዎች ተከተሏቸው። ሐዲዱ እስኪያልቅ እስከ 1890 ድረስ ዝናቡ፣ ወባውና ቢጫ ወባው የስንቱን ሕይወት በላ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ የተተከለው ሙዝ ከሐዲዱ ይልቅ አትራፊ ሆነ፤ በ1899 ዩናይትድ ፍሩት የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። እንግዲህ የሊሞን ጥቁሮች አያቶች ወደዚህች አገር የመጡት በሰንሰለት ታስረው ሳይሆን በደሞዝ ተቀጥረው ነው። የእነሱ አያቶች ግን ወደ ጃማይካ የገቡት በሰንሰለት ነበር። ሊሞን የሁለተኛ ስደት ከተማ ናት።

የሁለተኛው ስደት መከራ በሰንሰለት ፈንታ በወረቀት መጣ። ኩባንያው እርሻውን ከካሪቢያን ጠረፍ ወደ ፓሲፊክ ሲያዛውር፣ በ1934 የጸደቀው የሙዝ ውል «ባለ ቀለም» ሰዎች በፓሲፊክ በኩል እንዳይቀጠሩ ከለከለ። ሥራው ሄደ፤ ሠራተኛው ግን ሥራውን ተከትሎ እንዳይሄድ ታገደ። ከ1948ቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1949 ክልከላው ተነሣ፤ እዚያው ለተወለዱትም የዜግነት መንገድ ተከፈተላቸው። ሰልፉን በሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ላይ «ጥቁር ሰው ወደ ዋና ከተማው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ነበር» የሚል አባባል ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን እንዲህ ያለ የተጻፈ ሕግ አላገኙም። ክልከላው በባቡር ሠራተኞች ልማድ፣ በንቀትና በፍርሃት የቆመ ነበር። ይህን ማረም በደሉን ማቅለል አይደለም፤ ያልተጻፈ ሕግ በአዋጅ ሊሻር ስለማይችል ከተጻፈው ይከፋል።

የነሐሴው ቀን ከየት መጣ? ምንጩ ከዚያው ከሙዝ እርሻ ነው። በ1910 አንድ ወጣት ጃማይካዊ አታሚ ወደ ሊሞን መጥቶ በእርሻው የሠራተኞች ሰዓት መዝጋቢ ሆነ። ያየውን በደል በትንሽ ጋዜጣ ሲጽፍ ከባለሥልጣናት ጋር ተጣላና ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ያ ወጣት ማርከስ ጋርቬይ ነበር። በ1914 በኪንግስተን የጥቁር ሕዝቦች ማኅበሩን መሠረተ። በ1920 በኒው ዮርክ በሐርለም ጎዳናዎች የማኅበሩ ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ነርሶቹ ነጭ ለብሰው፣ በመስመር ሲያልፉ ዓለም ጉድ አለ። ወሩን ሙሉ የተካሄደው ጉባኤ ባወጣው የመብት መግለጫ፣ ኦገስት 31 በያለበት ላለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ዓመታዊ በዓል እንዲሆን ተደነገገ። የሊሞን በዓል ዘር ይህ ነው። በመሠረቱ፣ ሲወለድ ሰልፍ ነበር፤ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ሰልፍ።

ጋርቬይ በ1921 ወደ ሊሞን ሲመለስ የተቀበለው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። በ1922 የማኅበሩ አባላት በከተማይቱ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት አዳራሽ ሠሩ፤ ሕዝቡ በጋርቬይ የመርከብ ኩባንያ ስም «ብላክ ስታር ላይን» ብሎ ጠራው። የሚገርመው፣ መርከቦቹ ሥራቸውን ያቆሙት በዚያው በ1922 መሆኑ ነው። ኩባንያው ከስሮ ሲዘጋ ስሙ በአንዲት የወደብ ከተማ ማእዘን ላይ መልሕቁን ጣለ። መርከብ አፍሪካ ሊያደርሳቸው ያልቻለ ሰዎች በመርከቡ ስም ቤት ሠሩ። በዚያ ቤት መከሩ፣ ጨፈሩ፣ ተዳሩ። ከ90 ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ጎሕ ሲቀድ እሳት በላው። በ2020 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኮስታሪካ አነሣሽነት ኦገስት 31ን የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሕዝቦች ዓለም አቀፍ ቀን ሲያደርገው፣ ከሙዝ እርሻ የተባረረው የሰዓት መዝጋቢ ሐሳብ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ የዓለም መዝገብ ላይ ሰፈረ። በ2021 የወጣ ሕግም ቀኑን በአገሪቱ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ታዲያ ሰልፉ እንደ ሥራ ሲመዘን ምን ይመስላል?

በጎ ጎኑ ግልጽ ነው። ሊሞን ለኩባንያና ለወደብ ተብላ የተሠራች ከተማ ናት፤ ጎዳናዎቿ ለጭነት የተቀደዱ ናቸው። በዚያ ቀን ግን በጎዳናው የሚያልፈው ጭነት ሳይሆን ሰው ነው። ተማሪዎች፣ ዳንሰኞች፣ ከበሮ መቺዎች፣ አሮጊቶችና ሕፃናት ያልፋሉ። ከዳር የቆመው የከተማው ሰው ከሚያልፉት መካከል እኅቱን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ያያል፤ በስሟ ይጠራታል፤ እሷም ትስቃለች። በዚህች ቅጽበት ተመልካችና ተሰላፊ የሚለው ክፍፍል ይፈርሳል። ሰልፉ አጀብ የሚሆነው ያኔ ነው። በጥቅምት የሚደረገውና በ1949 የተጀመረው የሊሞን ካርኒቫል ይህን ያህል አይደርስም፤ እሱ የተወለደው በኮሎምበስ መታሰቢያ ዕለት አካባቢ ስለሆነ ደስታው ከማን ጋር እንደሆነ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። የነሐሴው ግን ማንን እንደሚያከብር ያውቃል።

ሆኖም ጉድለቱን ሳይናገሩ ማመስገን ሂስ አይባልም።

አንደኛው ጉድለት የልብሱ ነው። በሰልፉ ላይ ጎልታ የምትታየው አፍሪካ የምዕራብ አፍሪካ አፍሪካ ናት፤ የኬንቴ ቀለማት፣ ባለ ኅብረ ቀለም ሕትመት ጨርቅ፣ ከፍ ተደርጎ የታሰረ ሻሽ። ኬንቴ የአሻንቲና የኤዌ ሸማኔዎች ጥበብ ነው። «የአፍሪካ» የሚባለው ሕትመት ጨርቅ ደግሞ፣ የሆላንድ ፋብሪካዎች የጃቫን የሰም ሕትመት አስመስለው ሠርተው ለምዕራብ አፍሪካ ገበያ ያቀረቡት፣ ከዚያም አፍሪካውያን ሴቶች በምርጫቸው የራሳቸው ያደረጉት ነው። ይህን ይዞ «ሐሰተኛ ልብስ ነው» የሚል ተቺ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የተነጠቀውን የአያቱን ልብስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው የሚለብሰው ልብስ ማስረጃ ሳይሆን መሐላ ነው፤ መሐላ ደግሞ በጨርቁ ምንጭ አይመዘንም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሩቅ ያለችው አፍሪካ እንዲህ ደምቃ ስትታይ፣ ቅርብ ያለው አያት ይደበዝዛል። ሐዲድ የዘረጋው ሰው አካፋና ቆንጨራ፣ ሙዝ ያወረደው ትከሻ፣ ለደሞዝ የተሰለፈችው እናት በዚያው ልክ ጎልተው አይታዩም። የአናንሲን ተረት ከጋና ጠረፍ ወደ ጃማይካ፣ ከጃማይካ ወደ ሊሞን በቃሏ ይዛ የመጣችው አያት ሻሽ ባታስርም አፍሪካን ያመጣችው እሷ ናት። ሸረሪቱ ያለ ቪዛ ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግሯል።

ከተረቱ ጋር ቋንቋውም አለ። የሊሞን ጥቁሮች ከእንግሊዝኛ ተወልዶ የራሱን መንገድ የያዘ አንደበት አላቸው፤ «ሜካቴልዩ» ይሉታል፤ ስሙ «ልንገርህ» እንደ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የቋንቋ ስም አላውቅም። ቋንቋውን በዘሩ ወይም በአገሩ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ሰየሙት። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ስፓኒሽ፣ የቱሪስቱ ቋንቋ መደበኛው እንግሊዝኛ በሆነበት ከተማ «ልንገርህ» በሁለት በኩል ተጨንቋል። በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ሁሉ በሌሎቹ በሁለቱ ከሆነ፣ ሰልፉ የተናጋሪውን ልብስ አሳይቶ ንግግሩን ደበቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከሰልፈኛው አይደለም፤ ከጠሪው ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎች አንባቢን «መጥታችሁ ተደሰቱ» ይሉታል። መደሰት ነውር አይደለም፤ በዓል የሚደረገው ለደስታ ነው። በኮኮናት ወተት የበሰለውን ሩዝና ቦሎቄ፣ ዓሣና ሥራ ሥር በአንድ ድስት የሚበስሉበትን ሮንዶን ቀምሶ ያልተደሰተ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ጥያቄው፣ እንግዳው ሲሄድ ምን ትቶ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው።

ለዚህ ከካሊፕሶው ሊቅ ከዋልተር ፈርጉሰን ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ፈርጉሰን ከሊሞን በስተ ደቡብ በምትገኘው ካውይታ በተባለች የባሕር ዳር መንደር የኖሩ ገበሬና ዘፋኝ ነበሩ። ዘፈኖቻቸውን በቤታቸው በካሴት እየቀዱ ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። አንዱን ቀድቶ ማባዛት አይደለም፤ እያንዳንዱን ካሴት እንደ አዲስ ተቀምጠው ይዘፍኑለት ነበር። እያንዳንዱ ገዢ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ገዢው ክፉ አልነበረም፤ ዋጋውን ከፍሏል፤ ዘፈኑንም ወዶታል። ሆኖም የአንድ መንደር ትዝታ በማይታወቁ አገሮች በማይታወቁ መሳቢያዎች ውስጥ ተበተነ፤ በኋላ ካሴቶቹን ከያሉበት የሚያፈላልጉ ሰዎች ተነሡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ድምፃቸው በወጉ ተቀርፆ ወጣ፤ በ2012ም የሊሞን ካሊፕሶ የአገሪቱ ቅርስ ተብሎ ታወጀ። ፈርጉሰን በ2023 በ103 ዓመታቸው አረፉ። የባህል ጎብኚ ሁሉ ይህን ታሪክ በቦርሳው ይዞ መጓዝ አለበት። ስለ ወደዱት ብቻ ማራቆት ይቻላል።

ሦስተኛው ጉድለት የመንግሥት ነው። በ2015 ኮስታሪካ የሕገ መንግሥቷን የመጀመሪያ አንቀጽ አሻሽላ ራሷን የብዙ ብሔርና የብዙ ባህል ሪፐብሊክ ብላ ጠራች። በ2018 ደግሞ ኦገስት ወር በሙሉ የአፍሪካ ዝርያዎች ታሪካዊ ወር ሆነ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሊሞን አውራጃ ዛሬም ከአገሪቱ ድሆች መካከል ናት፤ ሥራ አጥነትና ነፍስ ግድያ ከበረቱባቸውም አንዷ ናት። የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፍባት ወደብ ሆና የሚያልፍላት ግን ጥቂት ነው። ባለሥልጣን በነሐሴ ጨርቁን ለብሶ ከፊት ቢሰለፍና በመስከረም ከረሳ፣ ሰልፉ አቤቱታ መሆኑ ቀርቶ የአቤቱታ ማብረጃ ይሆናል። የሰልፉ አዘጋጆች ጌጡን ጠብቀው ጥያቄውንም ቢያሰሙ የጋርቬይን አደራ ይበልጥ ይፈጽማሉ።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ጎደሎ ቆጠርሁ። አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ በአማርኛ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ነውና።

የ1920ው ጉባኤ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የመረጠው መዝሙር የሚጠራው በኢትዮጵያ ስም ነው። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ስማችንን ከባሕር ማዶ ያገኘነው ይመስለናል፤ ሰልፉም እኛን የሚያጅብ ይመስለናል። ይህ የትርጉም ስሕተት ነው። እነዚያ ሰዎች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተማሩትን፣ አፍሪካን በሙሉ የሚያቅፈውን፣ የተነጠቁትን አገር ሁሉ የሚጠሩበትን ስም ነው። የእኛን ዘውድ ወይም የእኛን ድንበር አላሉም። ጋርቬይ ራሱ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ ንጉሠ ነገሥቱን በጽሑፍ ክፉኛ እንደ ነቀፈ ማስታወስ ይበቃል። የማኅበሩ ሰንደቅም ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ነው፤ በመካከሉ የእኛ ቢጫ የለም። እኛ የዚያ ስም ባለቤቶች አይደለንም፤ ባለ አደራዎች ብንሆን ይበቃናል።

አደራውንስ እንዴት ይዘነዋል? በአማርኛ የሰውን መልክ «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን ስንከፋፍል፣ «ጥቁር» ለእኛ ከመልኮች አንዱ እንጂ የጋራ ስማችን አይደለም። ብዙዎቻችን ጥቁር ሕዝብ ሲባል ሌላ ሰው የተጠራ መስሎን ዞር ብለን እናያለን። ከዚህም የከፋ አለ፤ በገዛ አገራችን መልኩ የጠቆረውን ወገን ስንሰድብ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ባሪያ» ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን አልተሻረም፤ በናይሮቢም፣ በጁባም፣ በካምፓላም በሚኖሩ የእኛ ሰዎች መካከል ስለ አስተናጋጅ ሕዝባቸው በሹክሹክታ ሲነገር ይሰማል። ባርነትን ያመለጡ ሰዎች ለነፃነታቸው ስም ሲፈልጉ «ኢትዮጵያ» ሲሉ፣ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለንቀታቸው ስም ሲፈልጉ «ባሪያ» ይላሉ። ከሊሞን በዓል ለእኛ የሚደርሰን ትርፍ ኩራት ሳይሆን ይህ ኀፍረት ይመስለኛል፤ ኀፍረትም ሲያፈራ በጎ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ከሦስቱ ቃላት የምመርጠው «አጀብ»ን ነው። በሊሞን ጎዳና ላይ የሚታጀበው ታቦትም ሹምም አይደለም፤ የሐዲዱ ዘርጊዎች፣ የአዳራሹ ሠሪዎች፣ የተረቱ ነጋሪዎች ስም ነው። ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ይብላ፣ ይጨፍር። ነገር ግን አስቀድሞ በ1872 ማን እንደ መጣ፣ በ1934 ማን እንደ ተከለከለ ይወቅ፤ ከሰልፉ በኋላም ባሕሩ ዳር አንድ ቀን ይቆይና «ልንገርህ» የሚለውን ሰው ቁጭ ብሎ ይስማ። ገንዘቡን ከከተማው ሰው እጅ በሚገዛው ነገር ያውጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ስለዚያ ሩቅ ከተማ ከማውራቱ በፊት በገዛ መንደሩ ጎረቤቱን የሚጠራበትን ቃል ይመርምር።

ሰልፍ ጠላት ይፈልጋል፤ ትርኢት ከፋይ ይፈልጋል። አጀብ የሚፈልገው ከዳር ተነሥቶ ከኋላ የሚከተል ሰው ነው። ሊሞን በየነሐሴው መንገዷን ከፍታለች፤ የሚጎድለው አካሄዱን የሚያውቅ እንግዳ ነው።